እንግሊዛዊው ሐበሻ አሜሪካ ሲገባ

እንግሊዞች አሜሪካ ሄደው ሲኖሩ የማይለቃቸው አንድ አመል አለ፤ በአሜሪካኖች መገረምና የተገረሙበትን መጻፍ። የዚህ ሙያ አባት አሊስቴር ኩክ ነው። ሳልፎርድ ተወልዶ፣ በ1941 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ፣ ከ1946 እስከ 2004 ድረስ «ደብዳቤ ከአሜሪካ» የተባለውን የቢቢሲ ሬዲዮ ፕሮግራም አቀረበ። 2,869 ደብዳቤ! በ95 ዓመቱ በቃኝ አለና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አረፈ። ከእሱ በኋላ የመጡት በአብዛኛው የሚጽፉት ያንኑ ነው፦ ሻያቸው አይጠጣም፣ ቢራቸው በረዶ ነው፣ ሲያወሩ ይጮኻሉ፣ ሂሳብ ላይ ጉርሻ ይጠይቃሉ።

እኔም በወጉ መገረም እችላለሁ፤ ፓስፖርቴ የእንግሊዝ ነውና። ሜሪላንድ የገባሁት ለንደን 17 ዓመት ኖሬ ነው። አመጣጤ ራሱ ግን ቀልድ ነው። ዲቪ ሎተሪ የሚያየው የተወለዳችሁበትን አገር እንጂ የያዛችሁትን ፓስፖርት አይደለም። ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ የሚሄደው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ እዚያ የተወለደ ሰው (ሰሜን አየርላንድ ካልሆነ በቀር) ለብዙ ዓመታት መሙላት አይፈቀድለትም ነበር። እኔ ደሴ በመወለዴ ሞላሁ፣ ደረሰኝ። ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ከዚያው ሰፈር ያልወጣው እንግሊዛዊ ጎረቤቴ ነገሩን ስነግረው ትንሽ ዝም ብሎ «ይህ እንኳ ትንሽ ፍትሐዊ አይመስለኝም» አለኝ። እንግሊዝ ሲናደድ ከዚህ በላይ አይናገርም።

ስለ እንግሊዞች አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ከማውቃቸው ፈረንጆች ሁሉ ለእኛ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። ይሉኝታ አላቸው። ቃሉ የላቸውም እንጂ ነገሩ አላቸው። እንግሊዝ ቤት ገብታችሁ «ሻይ ላፍላ?» ስትባሉ የመጀመሪያው መልስ «አይ፣ አትቸገሩ» ነው። ሁለተኛው «እናንተም የምትጠጡ ከሆነ» ነው። በሦስተኛው ይጠጣል። እኛም ቤት «በሞቴ!» እስኪባል ድረስ «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት ግዴታ ነው። ጋባዡም ተጋባዡም እምቢታው የምር እንዳልሆነ ያውቃሉ።

አሜሪካ ቤት ገብታችሁ አንዴ «በልቻለሁ» ካላችሁ ግን አለቀ። «ኦኬ» ይላል፣ ሳህኑን ያነሳል። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ አምኗችሁ ነው። ከሐበሻና ከእንግሊዝ አገር የመጣ ሰው እንዲህ በአንድ ቃል መታመን ስላልለመደ ጦሙን ያድራል።

ቋንቋውም ያው ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቋንቋ ነው የሚል ሰው ሁለቱን አገር አላየም። የእንግሊዞቹ እንግሊዝኛ ሰምና ወርቅ አለው። አለቃችሁ ሥራችሁን አይቶ «ኳይት ጉድ» ካለ፣ ሰሙ «ጥሩ ነው»፣ ወርቁ «ምነው ትንሽ ብትለፋበት» ነው። «ኢንተረስቲንግ» ካለ ሐሳባችሁን ቀብሮታል። «ዊዝ ሪስፔክት» ብሎ ከጀመረማ ስድብ እየመጣ ነው፣ ወንበራችሁን ያዙ። አሜሪካዊ «ኳይት ጉድ» ሲላችሁ ግን በጣም ጥሩ ማለቱ ነው። እንግሊዝ መንገድ ላይ «ዩ ኦራይት?» ይላል፤ ሰላምታ ነው፣ መልስ አይጠብቅም። አሜሪካዊቷ የሥራ ባልደረባ ይህን ስትሰማ ፊቷን እየዳበሰች «ምነው፣ ያመመኝ እመስላለሁ?» ትላለች።

ቀንና ሰዓትማ ተዉት። 4/3 ብላችሁ ጻፉ። ለንደን ማርች 4 ነው። አሜሪካ ኤፕሪል 3 ነው። እናቴ ዘንድ ኅዳር 4 ነው። ሰዓቱ ላይ ደግሞ የእኛን ስድስት ሰዓት ቀንሱ ወይም ደምሩ። ከእኔ ጋር ቀጠሮ የሚይዝ ሰው ቢያንስ የሳምንቱን ቀን በስሙ እንዲጠራ እለምናለሁ።

እንግሊዞች በሜትርና በኪሎ ስለማይለኩ አሜሪካኖች ላይ ይስቃሉ። የሚስቁት ደግሞ መንገዳቸውን በማይል እየለኩ፣ የሰውነታቸውን ክብደት «ስቶን» በሚባል፣ 14 ፓውንድ በሆነ ድንጋይ እየመዘኑ ነው። ይባስ ብሎ ስሙን ይጋሩና ልኩን ይለያሉ። የእንግሊዝ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር፣ የአሜሪካው 473 ነው። የእንግሊዝ ጋሎን ከአራት ሊትር ተኩል በላይ ነው፤ የአሜሪካው አራትም አይሞላ። እንግሊዛዊ ስደተኛ አሜሪካ ውስጥ ከልቡ የሚያዝንበት አንድ ቁጥር ቢኖር የመጀመሪያው ነው።

ሻዩን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታል። በጃንዋሪ 2024 አንዲት አሜሪካዊት የኬሚስትሪ ምሁር ሻይ ላይ ቁንጥር ጨው ጣል ቢደረግ ምሬቱን ያበርደዋል ብላ ጻፈች። እንግሊዝ አገር ተናወጠ። ለንደን ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ መግለጫ ማውጣት ግድ ሆነበት፤ ጨው ሻይ ላይ መጨመር የአሜሪካ መንግሥት ፖሊሲ አይደለም አለና፣ እኛ ግን ሻያችንን በትክክለኛው መንገድ፣ በማይክሮዌቭ፣ ማፍላታችንን እንቀጥላለን ብሎ እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨመረ። ማይክሮዌቩም ያለ ምክንያት አይደለም። የእንግሊዝ ቤት መብራት 230 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። እዚህ በኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ውሃ እስኪፈላ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል።

እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ እንግሊዞቹ በየዘመኑ ከጻፉት አይለይም። የምለይበት እዚህ ጋ ነው።

ስልክ ላይ የምናገረው እንግሊዝኛ የለንደን ነው። አሜሪካኖች የለንደን አነጋገር ሲሰሙ ቀልባቸው ይጠፋል። አንድ ጊዜ ስለ ኪራይ ቤት ደውዬ አከራይዋ በድምፄ እንዴት እንደተደሰተች ልነግራችሁ አልችልም፤ «የንጉሣውያን ቤተሰብ ይመስላል» አለችኝ። በማግስቱ ቤቱን ላይ ስሄድ በሩን ከፍታ ከኋላዬ ሌላ ሰው ትፈልጋለች። ድምፁ የመጣበትን ሰው። ያው ቤቱ «ትናንት ማታ ተይዟል» ተባልኩ።

አሜሪካ የሚኖር ነጭ እንግሊዛዊ ራሱን «ኤክስፓት» ይላል። እኔ በዚያው ፓስፖርት፣ በዚያው አነጋገር፣ በዚያው ከተማ «ኢሚግራንት» ነኝ። ቃሉን አልጠላውም፤ ስደተኛ የስደተኛ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ኤክስፓት የሚለው ቃል ውስጥ የመመለሻ ቲኬት አለ። ለዚህ ነው እንግሊዙ በአሜሪካ ነገር ሁሉ እንዲያ ዘና ብሎ የሚስቀው። ሳቁ ሲያልቅበት ይመለሳል። ሊኖር ከተመለሰ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያ ከ1948 ጀምሮ የቆመው የመንግሥት ሕክምና ይቀበለዋል።

እነሱ ከሚስቁባቸው ነገሮች አንዱ፣ ጉርሻው፣ እኔን ለምን እንደማያስቀኝ ልንገራችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል አስተናጋጅ ቀጣሪው ሊከፍል የሚችለው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ይህ ቁጥር ከ1991 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ጉርሻው ተደምሮ የሰዓቱ ክፍያ 7 ዶላር ከ25 ካልሞላ ቀጣሪው መሙላት አለበት ይላል ሕጉ፤ እሱም ቢሆን ከ2009 ወዲህ ያልተነካ ቁጥር ነው። እርግጥ ግዛቶች ይለያያሉ፤ ካሊፎርኒያ አስተናጋጅን ከሌላው ሠራተኛ አትለይም፣ እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ 3 ዶላር ከ63 ነው። እንግሊዝ አገር ጉርሻ በዝቅተኛው ደመወዝ ውስጥ መቁጠር በ2009 ተከልክሏል። ዝቅተኛው ክፍያ በኤፕሪል 2025 በሰዓት 12 ፓውንድ ከ21 ሆኗል፤ የደንበኛው ጉርሻ ደግሞ ከዚያ በላይ ለሠራተኛው የሚደርስ ነው።

ስለዚህ ከለንደን የመጣ ዘመድ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ ሐበሻ ምግብ ቤት በየዓይነቱን ጠራርጎ በልቶ «እኛ አገር 20 በመቶ አይሰጥም» ሲል፣ የሚከራከረው ከአሜሪካ ባህል ጋር ይመስለዋል። የሚከራከረው ግን ከቆመችው ልጅ የቤት ኪራይ ጋር ነው። እኛ ጉርሻ የምንለው በእጅ አጉርሶ ፍቅር መግለጫ ነው፤ እዚህ ደመወዝ ነው። ሥርዓቱ መጥፎ ነው? አዎ፣ መጥፎ ነው። ሠራተኛው ደመወዙን በየጠረጴዛው እየዞረ እንዲሰበስብ የሚያደርግ ሥርዓት ነው። ተቃውሞውን ግን በእሷ ኪስ ላይ አይጀምሩት።

ባለፈው ዓመት ቨርጂኒያ አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ጋቢ የለበሱ፣ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉ ሰውዬ ደረታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሰው ስልኩን ሲያወጣ እጁን ያዙት፦ «በእመቤቴ፣ አምቡላንስ እንዳትጠሩ! በመኪና ውሰዱኝ።» ሰውየው ሞትን አልፈሩም፤ የፈሩት ቢሉን ነው። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ አለ፤ ድንገተኛ ክፍል የገባን ሰው ሆስፒታሉ ገንዘብ የለህም ብሎ ሳያይና ሳያረጋጋ መመለስ አይችልም። ማየት ግዴታ ነው፤ ቢል መላክ ግን አልተከለከለም። ሰውየው ተርፈዋል። በአንድ ልጅ መኪና፣ ቀይ መብራት እየጣስን ወሰድናቸው። እንግሊዛዊ ቀልደኛ ይህን የት ላይ ያስገባዋል?

የእንግሊዙ ሕክምና ገነት ነው አላልኩም። እንግሊዝ ውስጥ ብቻ የወረፋው ዝርዝር ከ7 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር፤ ለጉልበት ቀዶ ሕክምና ዓመት ያለፋቸው ሰዎች አውቃለሁ። አሜሪካ ጥሩ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ነገውኑ ይታያል። ችግሩ ኢንሹራንሱ ከሥራችሁ ጋር መታሰሩ ነው። ሥራው ሲሄድ ይሄዳል፤ እስከ 18 ወር ማስቀጠል ይቻላል ግን ቀጣሪው ይከፍለው የነበረውንም ጭምር ራሳችሁ ከፍላችሁ ነው። ደመወዝ በቆመበት ወር።

ይህን ሁሉ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ለንደን ያለው የአክስቴ ልጅ ዳላስ ሥራ አግኝቷል። ደመወዙ አሁን ከሚያገኘው እጥፍ ነው። ሚስቱ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ጋሼ፣ እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ልምጣ?» አለኝ።

ቁጥሩን ተቀምጠን ቆጠርነው። ለንደን ሚስቱ 52 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት አላት፤ 39ኙ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ክፍያ አለው። እሱ ራሱ በዓመት ቢያንስ 28 የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን አለው። አሜሪካ ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ አንድም የሚከፈልበት የዕረፍት ቀን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ በቀጣሪው ቸርነት ነው። የወሊዱ ሕግ፣ የ1993ቱ፣ 12 ሳምንት ይሰጣል፤ ያለ ክፍያ። 12 ሳምንት 84 ቀን ነው። ሴት ከወለዱ ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፣ እናት በአራተኛው ቀን ሥራ ትገባለች ማለት ነው። ቆይ፣ አላለቀም። ይህም የሚሠራው 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለው ድርጅት ዓመት ለሠራ ሰው ነው። አዲስ ለገባ የለም። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው የሚከፈልበት ፈቃድ አላቸው፤ ቴክሳስ ግን ለግል ድርጅት ሠራተኛ ይህን አታስገድድም።

«ስለዚህ አትምጣ ነው የምትለኝ?» አለ።

አይደለም። አሜሪካ ለንደን ያላገኘሁትን ሰጥታኛለች። እዚህ የት ትምህርት ቤት እንደተማርኩ፣ አባቴ ምን ይሠራ እንደነበር ከአነጋገሬ ሊያጠና የሞከረ የለም። የፈለጋችሁትን በግልጽ ብትጠይቁ አይገርማቸውም፤ ደመወዝ ጨምሩልኝ ማለት ነውር አይደለም። ለንደን 17 ዓመት ይሉኝታዬን ታቅፌ ተቀምጬ ነበር። እዚህ በሁለተኛው ዓመት ጠይቄ ተጨመረልኝ። ደግሞ ሐበሻው! ለቅሶ ቢገጥምህ ቤትህ በሰዓት ውስጥ ይሞላል።

ያልኩት ይህን ነው፦ ልጁ ለንደን ይወለድ። እናቱ ፈቃዷን ትጨርስ። አንተ ቀጣሪህን የመጀመሪያ ቀንህን እንዲያራዝምልህ በግልጽ ጠይቀው፤ አሜሪካዊ ነው፣ ስለጠየቅከው አይቀየምህም። የኢንሹራንሱን ወረቀት ግን ከመፈረምህ በፊት ላክልኝ፤ ከደመወዙ በፊት የማነበው እሱን ነው። እምቢ ካሉህ ደግሞ እጥፉ እጥፍ አልነበረም ማለት ነው።

ትንሽ አሰበና ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት። ሁሉንም በስፒከር ስትሰማ ነበር ለካ። ስለ ፈቃዱም ስለ ኢንሹራንሱም አንድ ቃል አላነሳችም።

«ጋሼ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ላምጣው ወይስ ልተወው?»

ተይው አልኳት። ቮልቴጁ አይገናኝም።