በር ላይ አዋቂ፣ አልጋ ላይ ሕፃን

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሐበሾች የሚይዘን በሽታ አለ። ኦርላንዶ ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ስንሠራ፣ ልጆቻችንን በስልክ ስናሳድግ እንከርምና “ዘንድሮስ ዲዝኒ ሳልወስዳቸው አልቀርም” እንላለን። መውሰዱ ባልከፋ። ነገሩ የሚበላሸው ሆቴሉ ሲመረጥ ነው።

አንድ ወዳጄ ያደረገውን ላውጋችሁ። ባልና ሚስት፣ የ16 ዓመት ሴት ልጅ፣ የ14 ዓመት ጎረምሳና የ8 ዓመት የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ሰውዬው የመዋኛ ገንዳውን ፎቶ አይቶ ሁለት አልጋ ያለው አንድ ክፍል ያዘ። ክፍሉ የሚፈቅደው ለ4 ሰው ነው፤ አምስተኛው “ትንሽ ነው፣ ማን ያየዋል?” ተብሎ ገባ። እናትና ሴት ልጅ አንዱ አልጋ ላይ፣ ወንዶቹ ሌላው ላይ፣ አባወራው ምንጣፉ ላይ። አምስት ሌሊት! ልጅቷ ልብስ የምትቀይረው፣ ከጓደኛዋ ጋር የምታወራው፣ ሲከፋትም የምታለቅሰው መታጠቢያ ቤት ነበር። ለምን ቢሉ፣ የሚቆለፍ በር ያለው እሱ ብቻ ነዋ! ሽንቱ የመጣበት ውጭ ቆሞ ያንኳኳል። በሦስተኛው ቀን ቤተሰቡ እንደተኳረፈ ሚኪ ማውስ አጠገብ ፎቶ ተነሣ። ፎቶው ላይ ሁሉም ይስቃሉ።

“ምን አለበት? እኛ ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ አይደል እንዴ ያደግነው?” አለኝ። ይሄ እንግዲህ የሁላችንም መልስ ነው። እውነት ነው፣ አድገናል። ግን ያኔ ክፍሉ ማደሪያ እንጂ መዋያ አልነበረም። ግቢ ነበር፣ ሰፈር ነበር፣ አባት ሲቆጣ የሚታደርበት የአክስት ቤት ነበር። ሆቴል ውስጥ አክስት የለችም። ደግሞስ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ተጨናንቀን የተኛነው ወደን ነበር ወይስ ሌላ ክፍል ስላልነበረ?

ልጆቹን ግራ የምናጋባው እኛ ብቻ አይደለንም። ዲዝኒ ወርልድም ሆነ ዩኒቨርሳል ትኬት ሲቆርጡ 10 ዓመት የሞላውን በአዋቂ ዋጋ ነው የሚያስከፍሉት። በዲዝኒ ሕግ 14 ዓመት የሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፓርኩ መግባት ይችላል፤ ታናሹን ይዞ መግባትም ይፈቀድለታል። ሆቴል ላይ ሲደርስ ግን እስከ 17 ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ቢያድር ተጨማሪ ዋጋ አይከፈልበትም፤ ልጅ ነዋ! በር ላይ አዋቂ፣ አልጋ ላይ ሕፃን። እኛም “ነፃ” የምትለዋን ቃል ስናይ አምስት ሰው ሁለት አልጋ ላይ እናጭቃለን።

እነሱስ ነጋዴዎች ናቸው። የእኛ ይብሳል። ከባንክ ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልን፣ ሐኪም ዘንድ የምታስተረጉምልን፣ የሌሊት ሥራ ስንሄድ ታናናሾቿን አብልታ የምታስተኛው ይቺው የ16 ዓመት ልጅ ናት። ያኔ “አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ” ትባላለች። “ሆቴሉ የቱ ይሁን?” ሲባል ግን “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” እንላለን። ጎበዝ! ዓመቱን ሙሉ እራቱን ስትሠራ የከረመችው እሷ አይደለችም እንዴ?

ገንዘቡስ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ በር ያለው ክፍል ይወደዳል። እኔ የምለው ግን ስድስት ቀን ከመታፈን አራት ቀን መተንፈስ ይሻላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው የዲዝኒው አርት ኦፍ አኒሜሽን 6 ሰው የሚይዙ፣ ለብቻው የሚዘጋ መኝታ ቤትና ሁለት መታጠቢያ ያላቸው የቤተሰብ ክፍሎች አሉት። ዩኒቨርሳል በ2019 እና በ2020 የከፈታቸው ሰርፍሳይድና ዶክሳይድም ሁለት መኝታ ቤት ያላቸው ክፍሎች አሏቸው። ኪሲሚ ብትወጡ ደግሞ ኩሽና ያለው ሙሉ ቤት ይከራያል፤ ሽሮውን ይዞ መሄድ ብቻ ነው። ግን ይጠንቀቁ፣ እዚያ ሁሉም የአባትን የመኪና ቁልፍ ጠባቂ ይሆናል። ጎረምሳው ሰልችቶት ልመለስ ቢል፣ ያለ እናንተ የሚመለስበት አውቶቡስ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለጎረምሳ ከመዋኛ ገንዳው ይልቅ ይሄ ይበልጥበታል።

ማባበያዎቹንም በልጆቻችሁ ልክ ለኳቸው። ዲዝኒ ሆቴሎቹ ውስጥ ያደረውን እንግዳ ፓርኩ ከመከፈቱ 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ ያስገባል። ለ8 ዓመቱ ልጅ ግሩም ነው። እስከ ረፋድ የሚተኛ ጎረምሳ ይዞ ለዚህ ብሎ መክፈል ግን ለሌላ ሰው ቤተሰብ እንደመክፈል ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ ያላችሁን ገንዘብ ሳትደብቁ ለልጆቹ ንገሯቸው። “ይሄን ያህል አለን፣ አምስት ሰው ነን፣ እናንተ ፈልጉ” በሏቸው። ኢንተርኔቱን እንደሆነ ከእኛ የተሻለ ያውቁታል። ቢሳሳቱ እንኳ ስሕተቱ የራሳቸው ነው፤ የራሱን ስሕተት ደግሞ ሰው በፈገግታ ይተኛበታል።

ወዳጄ በዚህ ክረምትም ሊሄድ ነው፤ ያንኑ ሆቴል ይዟል። ሰሞኑን “ትልቋ አልሄድም፣ ጓደኛዬ ቤት እከርማለሁ አለችኝ። አሜሪካ አበላሸቻት!” ብሎ አማረረኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኮሌጅ የምትገባ ልጅ ናት፤ ከዚያ ወዲያ አብራው የምትጓዘው ደስ ካላት ብቻ ነው።

አሜሪካ አይደለችም ያበላሸቻት፣ ወንድሜ። ጓደኛዋ ቤት በር አለ።