ስለ «መኮፈስ»

በዚህ ወር የምንመረምረው ቃል «መኮፈስ» ነው። ጠጕር ተበጥሮ ከፍ ሲል «ኮፈስ አለ» ይባላል። በመካከሉ ነፋስ ስለ ገባበት በዝቶ ይታያል እንጂ አንዲት ዘለላ እንኳ አልተጨመረበትም። ያለ ፍሬ ራሱን የሚያገዝፍ ሰው «ተኮፈሰ» መባሉም ይህን ይመስላል።

ቃሉ ከዘመዶቹ ጋር ሊደባለቅ አይገባም። ጉራ የአፍ ነው፤ ጉረኛ ያላደረገውን አደረግሁ ይላል። የተኮፈሰ ግን ሳይናገርም በአካሄዱ፣ በአቀማመጡ፣ ሰላምታ በመንፈጉ ይታወቃል። መመጻደቅ «ጸደቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ጻድቅ ሳይሆኑ ጻድቅ መምሰል ነው። ትዕቢት የልብ ነው፤ የሁሉም ሥር እርሱ ነው። በግዕዝ «ዐብየ» ማለት ትልቅ ሆነ ማለት ሲሆን፣ ትዕቢትም ዐቢይ ጾምም ከዚሁ ይወጣሉ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እመቤታችን ጌታን ስታከብር የግዕዙ ንባብ የሚናገረው ከዚሁ ሥር በወጣ ግስ ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ትልቅ የሚደረገው ማን እንደ ሆነ ነው።

ለዚህ የሰፈር ስም ምሳሌ ይሆነናል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ለጣልያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዛ» በጣልያንኛ ቤት ማለት ነውና። ይህ የባለሥልጣን ቤት ስም ግን ዛሬ የሚገኘው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሐምሌ 19 ቀን የሚታሰብ የሦስት ዓመት ሕፃን ሰማዕት ነው። ትልቁ በታናሹ ስም ሥር ዐደረ።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት በካዛንቺስ እጅግ ብዙ ቤቶች ፈረሱ፤ በአንድ ዕድርና በአንድ ጽዋ ማኅበር የኖሩ ጎረቤቶችም ተለያዩ። የመኮፈስ ፈተና የሚመጣው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። የተሻለ ቤት ያገኘው የጠበበበትን የቀድሞ ጎረቤቱን በመንገድ ሲያገኘው አላየሁም ብሎ ቢያልፍ፣ ከፈረሰው ቤት ይልቅ የከፋ ነገር ፈረሰ።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በትምህርት ቤት የሚያውቀውን ቢመልስ «ጉረኛ» አትበሉት። ያወቁትን መናገር ጉራ አይደለም፤ እንዲህ የተባለ ልጅ ሁለተኛ እጁን አያነሣም። ጫማው ያረጀበትን ጓደኛውን ሲንቅ ብታዩት ግን ዝም አትበሉ። በዚያን ጊዜ ቃሉን በስሙ ጠርታችሁ፣ በፍቅር ገሥጹት።