የምንማርበት መጽሐፍ የማንን በሽተኛ ያሳያል?



ስለ ስኮላርሽፕ ገንዘብ መዘግየት፣ ስለ መኖሪያና ስለ ምግብ ብዙ ጊዜ እንወያያለን። ተገቢም ነው። ነገር ግን ከዚህ ያላነሰ ክብደት ያለው አንድ ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል። ይኸውም መምህራን የሚያስተምሩበትን ጽሑፍ የሚመርጡት በምን መመዘኛ ነው የሚለው ነው።

እዚህ ካይሮ እኔ በምማርበት ክፍል ዋናው መማሪያ ወፍራሙ መጽሐፍ አይደለም፤ መምህሩ ያዘጋጀው «ሙዘኪራ» ወይም ከዓመት ወደ ዓመት የሚሸጋገር ስላይድ ነው። ተማሪው ከፎቶኮፒ ቤት ገዝቶ ይሸመድደዋል፤ ፈተናውም ከዚያው ይወጣል። በስላይዱ ላይ የሌለ በሽታ ከፈተናው ይቀራል፤ ከፈተናው የቀረም ከተማሪው አእምሮ ይቀራል።

የዚህን ጉዳት በራሴ ላይ ከደረሰው ላስረዳ። በሕፃናት ክፍል ተረኛ በነበርኩበት ቀን አንዲት ሱዳናዊት እናት በሳንባ ምች የታመመ ልጇን ይዛ መጣች። እንደተማርኩት የልጁን ፊትና ጣቶች አይቼ «ሰማያዊ የመሆን ምልክት የለም» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት አንጋፋ ነርስ ግን የልጁን ከንፈር ገልበጥ አድርጋ ድዱንና ምላሱን አሳየችኝ። ሰማያዊ ነበር። ኦክስጅን ወዲያው ተሰጠው፤ ልጁም ተረፈ። በስላይዶቻችን ላይ ያሉት ሥዕሎች በሙሉ የነጣ ቆዳ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው። የራሴን ቆዳ የሚመስል አንድም አልነበረም። መምህሩን ስጠይቅ «ለፈተና የሚያስፈልግህ ሁሉ እዚያው አለ» አለኝ።

ጉድለቱ የካይሮ ብቻ አይደለም። በለንደን የሕክምና ተማሪ የነበረው ማሎን ሙክዌንዴ ይህንኑ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሁለት መምህራን ጋር በጥቁር ቆዳ ላይ የበሽታ ምልክቶችን የሚያሳይ መመሪያ አውጥቷል።

የውጭ መጽሐፍ ይጣል ማለቴ አይደለም። የልብ አሠራር በካይሮም በጎንደርም አንድ ነው። በሽተኛው ግን አንድ አይደለም። ከትንኝ ንክሻ የሚመጣውን ዝሆኔ ብቻ የተማረ ሐኪም፣ ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ሲረግጥ ኖሮ እግሩ ያበጠበትን የደጋ ገበሬ ሲያይ የትል መድኃኒት ያዝለታል። ለገበሬው የሚያስፈልገው ግን ጫማ፣ ውኃና ሳሙና ነው።

አማራጩ በአገራችን ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 በካርተር ማዕከል ድጋፍ በተጀመረው የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ፕሮግራም፣ የኢትዮጵያ መምህራን ራሳቸው የማስተማሪያ ጽሑፎችን አዘጋጅተዋል። መነሻቸው በጤና ጣቢያ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሕመምተኛ ነበር። አንዱን በሽታ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያውና የአካባቢ ጤና ሠራተኛው እንደ አንድ ቡድን እንዲማሩት ተደርጎ ነበር የተጻፈው።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በመምህራን ላይ መጫን ራስን ማታለል ነው። አንድ መምህር ከስላይድ ወጣ ብሎ ስለ በሽተኛ ሲያወያይ «ይህ ለፈተና ይመጣል ወይ?» ብለን የምናቋርጠው እኛው ነን። እኔም ብያለሁ።

ስለዚህ የሚከተለውን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በየትምህርት ክፍላችን «ይህ ምልክት በጥቁር ቆዳ ላይ ምን ይመስላል? በእኛ አገርስ በሽታው እንዴት ይታያል?» ብለን በትሕትና ሳናሰልስ እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን የሕክምና ተማሪዎች የጥናት ቡድን ያቋቁም፤ ቡድኑም ለየኮርሱ የጎደለውን ከአገር ቤት መምህራን ጽሑፎች እየፈለገ ያሟላ። ሦስተኛ፣ ነገ አስተማሪ የምንሆን ሰዎች የዛሬውን ስላይድ ተርጉመን ለታናናሾቻችን ላለማውረስ ከአሁኑ እንወስን።

የሚጠብቀን ሕዝብ የፈተና ውጤታችንን አይጠይቀንም። ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ከንፈሩን ገልጠን ማየት ማወቅ አለብን።