የኬሚስትሪው ሰው ፊዚክስ ሲያስተምር

ኅዳር ላይ የልጄን የፊዚክስ ደብተር ሳገላብጥ አንድ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። የተወረወረ ድንጋይ የት እንደሚወድቅ የሚሰላበት ቀመር ተጽፏል፤ ከሥሩ ቁጥር እየተተካ የተሠሩ ሦስት ምሳሌዎች አሉ። ቀመሩ ከየት እንደመጣ ግን የትም ገጽ ላይ የለም። «ቲቸርን ስንጠይቀው ፈተና ላይ አይመጣም ይለናል» አለችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ የምንኖረው ቡራዩ ነው።

ተናድጄ ትምህርት ቤቷ ሄድኩ። የተናደደ ወላጅ ጥፋተኛውን ቤቱ ወስኖ ነው የሚወጣው፤ እኔም ሰነፍ መምህር ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ያገኘሁት እጅጌው በጠመኔ የተበከለ ትሑት ወጣት ሆነ። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው» አለኝ። የፊዚክሱ መምህር ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ቀንቶት ሄዷል። ክፍለ ጊዜው በዚህ ልጅ ላይ ተደረበ። ማታ ማታ ምዕራፉን ያነባል፣ ጠዋት ያስተምረዋል። ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ምን ይበል?

ሰበታ ወይም ሱሉልታ የሚኖር አንባቢ ይህ አዲስ አይሆንበትም። ቡራዩን ጨምሮ ሦስቱም ከተሞች ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የሸሸው ሁሉ ልጁን ይዞ ይመጣባቸዋል፣ ክፍሎቹም ይጨናነቃሉ። ጎበዙ የሒሳብ መምህር ግን ማለዳ ከእኛው ጋር ታክሲ ተሰልፎ ወደ መሃል ከተማ ይሄዳል። አልፈርድበትም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈውን እሱ ያውቃል።

ነገሩ የሦስት ከተማ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደርሷል። ተሻሽሏል፣ እሰየው፤ ከመቶው ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ግን ዛሬም ወዳቂ ነው። የወደቀው እኮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ፊት የተቀመጠ ልጅ ነው።

ችግሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በ1997 ዓ.ም. የገባውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሒሳቡም ፊዚክሱም ከሳተላይት በእንግሊዝኛ ይወርድ ነበር። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል፤ መምህሩ መክፈቻና መዝጊያ፣ ሲያልፍም ጸጥ አስከባሪ ሆነ። መብራት ከጠፋማ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ። ዛሬ ጠመኔ ከያዙት ብዙዎቹ በዚያ ስክሪን ፊት ያደጉ ናቸው። «ከየት መጣ?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው አልነበረም። በላዩ ላይ ደግሞ መምህርነትን ሌላ ሥራ ያጣ ሰው የሚገባበት በር አደረግነው። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ልጃችን «መምህር መሆን እፈልጋለሁ» ቢለን ስንቶቻችን እንደነግጣለን? እኔ እደነግጣለሁ፤ አልዋሽም።

መምህሩ ይፈተን የሚሉ አሉ። ይፈተን፤ አልቃወምም። የልጄ መምህር ግን በምን ይፈተን? ኬሚስትሪ ቢቀርብለት ያልፋል ብዬ እወራረዳለሁ፤ ፊዚክስ ከሆነ ይወድቃል። የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ላይ ደግሞ ሁልጊዜም ዲግሪ ያለው የሳይንስ መምህር ነው፤ ቦታው ተሟልቷል ይባላል። ከውድቀቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህ «ተሟልቷል» የሚለው ቃል ነው።

ስለዚህ የሸገር ትምህርት ጽሕፈት ቤትን የምለምነው አንድ ቀላል ነገር ነው፤ በጀት አይጠይቅም። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚያስተምሩት ምን ተምረው እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተጫነባቸው ይጻፍበት። የመምህሩ ስም አያስፈልግም። ወላጅም መጀመሪያ ያንን አንብቦ፣ ከዚያ ይናደድ።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ተጀምሯል። የልጄን ክፍል ፊዚክስ የሚያስተምረው አሁንም ያው የኬሚስትሪው ልጅ ነው።