አርፎ ስለማይቀመጥ ልጅ

በመንዝና በግሼ ደጋ የሚያድግ ልጅ ብዙውን ጊዜ ከፊደል አስቀድሞ በግ መጠበቅን ይማራል። ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ መንጋውን ነድቶ ይወጣል፤ የጠፋችውን ግልገል ከገደል ሥር ፈልጎ ይመልሳል፤ ማንም ሰነፍ አይለውም። ይኸው ልጅ ትምህርት ቤት በገባ ጊዜ ግን ሌላ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ቤት አለ። የጀመረውን ጽሕፈት ሳይጨርስ ይነሣል፤ ደብተሩን ይጥላል፤ መምህሩ ጥያቄውን ሳይፈጽም መልሱን ይጮኻል፤ አጠገቡ የተቀመጠውንም ይነካካል። ሰዉም «ባለጌ ነው»፣ «አባቱ አልገሠጸውም»፣ አለዚያም «አንድ ነገር ለክፎት ነው» እያለ ይፈርድበታል። ወላጆች ስለ እንዲህ ያለው ልጅ ትምህርት ቤቱን ምን ብለው ይጠይቁ፣ በምንስ መብት ይጠይቁ የሚለውን በዚህ ወር ዐምዳችን ልንመለከተው ወደድን።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ትኩረት የማጣትና ከመጠን ያለፈ የመቁነጥነጥ ችግር ይሉታል፤ በምሕጻረ ቃል ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ተብሎ ይጠራል። የዘመኑ ፈሊጥ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ጆርጅ ስቲል የተባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም አእምሯቸው ሳይጎድል ራሳቸውን መግታት ስለተሳናቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ1902 ሎንዶን ላይ ለሐኪሞች ንግግር ማድረጉን ያስታውስ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከመቶ ልጆች 5 ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። 50 ተማሪዎች በሚቀመጡበት ክፍል ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ማለት ነው። ነገሩ በዘር የመተላለፍ ጠባይ ስላለው፣ «እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርሁ» የሚል አባት ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ሁሉም ደግሞ አይቁነጠነጡም፤ በተለይ ከልጃገረዶች መካከል ዝም ብላ በሐሳብ የምትጠፋው ማንንም ስለማታውክ ሳትታወቅ ትቀራለች።

ይሁን እንጂ የማይቀመጥ ልጅ ሁሉ ይህ ችግር አለበት ማለት አይደለም። ሰሌዳው በደንብ የማይታየው፣ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ሩቅ መንገድ ተጉዞ የሚደርስ፣ ሌሊት እንቅልፍ የማያገኝ ልጅም ልቡ ይባዝናል። ለጥቂት ቅጽበት ፈጥጦ ቀርቶ እንደገና የሚመለስ ልጅ ካለ፣ የሚጥል በሽታ አንዱ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ፤ ይህ በመድኃኒት የሚታገሥ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ መንዝ በደረሰ ጊዜ የደነገጡ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆችም አሉ፤ የፍርሃት መባነንና የትምህርት ወደ ኋላ መቅረት ከዚህ ችግር ጋር በመልክ ይመሳሰላሉና መለየት ያሻል። ሐኪም የሚጠይቀው፣ ምልክቱ 12 ዓመት ሳይሞላ መታየቱን፣ ከ6 ወር በላይ መቆየቱን፣ በቤትም በትምህርት ቤትም መኖሩን ነው። ስለዚህ ወላጅ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መሐል ሜዳ ወይም ወደ ዓለም ከተማው እናት ሆስፒታል ሲሄድ መምህሩ ያየውን በጽሑፍ ይዞ ይሂድ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ሲያስፈልግም አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይመራ ይሆናል። ልጁን ጠበል ያስጠመቀ ቤተ ሰብ ሐኪም ዘንድ መሄዱ እምነት ማጉደል እንዳይመስለው፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር ያዛል።

ነገር ግን የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ትምህርት ቤቱ እጁን አጣጥፎ ሊቆይ አይገባውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል፤ አለንጋና ኩርኩም በሕግ ቦታ የላቸውም። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ስለዚህ የሚጠይቅ ወላጅ ውለታ ለማኝ አይደለም።

የሚጠየቀውም ነገር ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም። ልጁ ከመስኮትና ከበር ርቆ በፊተኛው መቀመጫ ይቀመጥ። ዐሥር ጥያቄ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ሦስት ሦስት እየተደረገ ይሰጠው። ሰሌዳ እንዲያጠፋ፣ ጠመኔ እንዲያመጣ እየታዘዘ በክብር ይነሣ፤ መነሣቱ አይቀርምና። ፈተና ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለት፤ የሚያውቀውን በቃል እንዲናገር ይፈቀድለት። መልካም ሲሠራ በዚያው ሰዓት ይመስገን፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ የሳምንት መጨረሻ ምስጋና ሩቅ ነው። ይህን ስንል አዲስ ነገር ያመጣን እንዳይመስል። የድሮው የኔታ ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አያቆምም ነበር፤ አንዱ ፊደል ሲቆጥር ሌላው ዳዊት ይደግማል፣ ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፣ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ እየተወዛወዘ ያነባል። ሰውነቱ እረፍት የማያውቅ ልጅ በዚያ ጉባኤ ቦታ ነበረው። (ስለ ጅራፉ ግን አናመሰግንም።) ዛሬ በተጨናነቀ ክፍል የሚያስተምር መምህር ይህን ሁሉ ማድረግ አይችል ይሆናል፤ ከታላላቆቹ ተማሪዎች አንዱን አጠገቡ ማስቀመጥ ግን ይችላል።

አካሄዱም በቁጣ አይሁን። አባትና እናት ቢቻላቸው አብረው ሄደው በመጀመሪያ የክፍሉን ኀላፊ መምህር ለብቻው ያነጋግሩ፤ «በየትኛው ሰዓት ይብስበታል? በየትኛው ትምህርት ይሻለዋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ቤት ውስጥ የሚጠቅመውንም ይንገሩት። «ውኃ ቅዳ፣ ከብት አስገባ፣ እንጨት አምጣ» ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ሲታዘዝ ሁሉን የሚረሳ ልጅ፣ አንድ በአንድ ሲታዘዝ እንደሚፈጽም መምህሩ ቢሰማ ይጠቅመዋል። ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ወደ ወላጅ መምህራን ኅብረት፣ ካልተቻለም በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወዳለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይኬዳል። ጥያቄው ቀን ተጽፎበት አንድ ቅጂ በቤት ይቀመጥ፤ መጻፍ የማይችል ወላጅ የንስሓ አባቱን ወይም የጎረቤት ተማሪ ያስጽፍ። የተስማሙበትም ነገር ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በፊት እንደገና እንዲታይ ቀን ይቆረጥለት፤ በመስከረም የጠቀመው መቀመጫ በጥር ላይጠቅም ይችላልና።