የሱሰኛ ልብና የተግሣጽ በትር

በሊቃውንቱም ሆነ በምእመናኑ ዘንድ እንደ ቀኖና ጸንቶ የኖረ አንድ አስተያየት አለ፤ ይኸውም በመጠጥ ወይም በጫት የተያዘ ሰው ኃፍረቱ በአደባባይ ካልተገለጠ፣ በቃልም ካልተገረፈ በቀር ልቡናው አይመለስም የሚለው ነው። አስተያየቱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ፈጽሞ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱንም ለማስረዳት ይህንኑ ሐሳብ እስከ ዳር ተከትሎ ፍሬውን ከለቀመው ማኅበር የበለጠ ምስክር አላገኘሁም።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1958 ቻርልስ ዴድሪክ የተባለ፣ ራሱ የመጠጥ ምርኮኛ የነበረ አሜሪካዊ፣ በካሊፎርንያ በሳንታ ሞኒካ ከተማ ሲናኖን የተባለውን ማኅበር መሠረተ። የማኅበሩ ዋና ሥርዓት «ጨዋታ» የሚሉት ጉባኤ ነበር፤ ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጡና፣ እጅ ከማንሣት በቀር ምንም ሳይከለከሉ፣ የአንዱን ውሸትና ስንፍና እየዘረዘሩ በስድብና በጩኸት ይወርዱበታል፤ ያ ሲያበቃ ተራው ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሥርዓት ያፈረሰ ጠጕሩን ይላጫል። ከሄሮይን የሚያላቅቅ ጥበብ ተገኘ ተብሎ ማኅበሩ ተመሰገነ፤ በ1963 በኒው ዮርክ የተቋቋመው ዴይቶፕና ከእርሱም በኋላ የተነሡ ብዙ ቤቶች ፈለጉን ተከተሉ።

ፍሬውስ ምን ሆነ? ዴድሪክ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከማኅበሩ ተፈውሶ መውጣት የሚባለውን ነገር አስቀረ፤ ይኸውም በነቀፋ የቆመ ሰው ነቀፋው ሲነሣለት መቆሚያ እንደሌለው መሥራቹ ራሱ መመስከሩ ነው። በ1978 ማኅበሩን በፍርድ ቤት ይሟገት በነበረው ጠበቃ በፖል ሞራንትዝ የፖስታ ሣጥን ውስጥ አባላቱ መርዘኛ እባብ፣ ያውም እያንቋቋ የሚያስጠነቅቅበትን የጅራቱን ጫፍ ቈርጠው፣ አስቀመጡበት፤ ጠበቃው እጁን ተነድፎ ከሞት ተረፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፖሊሶች ዴድሪክን ሊይዙ በሄዱ ጊዜ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሌላውን ከሱስ ሲገሥጽ የኖረው መምህር ሰክሮ ተገኘ። ሲናኖንም በ1991 ፈረሰ።

«እኔ ግን የዳንሁት በተግሣጽ ነው» የሚል አይጠፋም። የዳነ ይናገራል፤ በኃፍረት በሩን ዘግቶ ሲጠጣ የሞተው ግን ለምስክርነት አይቀርብም።

ተመራማሪው ዊሊያም ሚለር ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ባሳተመው ጥናት 42 ጠጪዎች ተመረመሩ፤ አማካሪው አጥብቆ በተቃወማቸው መጠን ከአንድ ዓመት በኋላ የሚጠጡት በዝቶ ተገኘ። ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም፤ ሱሰኛ መተውን ይወዳል፣ መተውንም ይፈራልና፣ አማካሪው ስለ መተው ሲሟገት ለእርሱ የሚቀረው ስለ መጠጡ መሟገት ብቻ ነው፤ በገዛ አንደበቱ የተሟገተለትን ደግሞ ልቡ ያጸናዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ የተዋረደ ሰው የሚጠጣውን መጠን መደበቁ ነው፤ ብዙ ዓመት የጠጣ አካል መጠጡን በድንገት ሲነጠቅ መንዘፍዘፍ፣ ቅዠት፣ አልፎም ሞት ሊያገኘው ይችላልና፣ እውነተኛው መጠን ያልተነገረው ሐኪም በጨለማ ይሠራል።

እንግዲህ በውርደት ከሱስ ወጣ የሚባለው ሰው እንኳ የዳነው በውርደቱ ሳይሆን፣ ከውርደቱ ማዶ ታግሦ ያደመጠው አንድ ሰው ስለ ነበረው ይመስለኛል።

ስለ አንድ ጠጪ የተሰበሰበ የሽማግሌ ጉባኤ ያየ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ በየተራ ይገሥጻሉ፣ እናት ታለቅሳለች፣ ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ በመጨረሻም ተነሥቶ «አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ» ብሎ ጕልበት ይስማል፤ ተመርቆም ዕርቅ ሆነ ተብሎ ጉባኤው ይበተናል። ከዚያ ሁሉ ተናጋሪ መካከል ግን «ልጄ፣ ጥሙ የሚጀምርህ በስንት ሰዓት ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድም ሰው የለም።