ምሳህን ሸፍን

ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ የመጣ አውቶቡስ ጎጃም፣ ሉማሜ ላይ ሲቆም ከመስኮት የሚወረወረው ቀልድ ያው የታወቀው ነው፦ «ቡዳ አገር ገብተናል፣ ምሳችሁን ሸፍኑ!» ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ አንድ የአዲስ አበባ ጎረምሳ ትዝ ይለኛል። ቆሎ ሻጯ ቀና ብላ ቅጥነቱን አየችና «አይዞህ ልጄ፣ እኛ መርጠን ነው የምንበላ፤ አንተ ምንህ ይበላል?» አለችው። አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እሱም እየሳቀ ሁለት ስኒ ቆሎ ገዛ።

በሰው አገር ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህን ያነሣሁት ናፍቆት ይዞኝ ብቻ አይደለም። ሴትዮዋ ቀልዱን ሰምታዋለች፤ መልስም ነበራት። እዚያው ከተማ ዳር ግን ብረት ቀጥቅጦ የሚያድር ጎረቤት ነበረን። ማረሻችንን እሱ እየሠራልን፣ ለልጁ ግን ጋብቻ የሚጠይቅ ጠፋ። እሱን «ቡዳ» ሲሉት የሳቀበትን ቀን አላስታውስም፤ መልስ ቢሰጥስ ማን ይስቅለታል? ዐፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ እኛ ሰፈር ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል መሰለኝ።

አሁን ያለሁት አሜሪካ ነው። ሥራ ቦታ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አራት ሐበሾች አንድ ጠረጴዛ እንከባለን። አጠገባችን አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ባልደረባችን ይቀመጣል። «እነዚህ ጥቁሮች እኮ…» ብለን በአማርኛ እንጀምራለን፤ የራሳችንን ቆዳ ቦሌ አስረክበን የመጣን ይመስል። አንድ ቀን ሰውየው «እስቲ ንገሩኝ፣ እኔም ልሳቅ» አለ። አራታችንም ሳህን ሳህናችንን አየን። እንግሊዝኛው ጠፍቶን አልነበረም።

በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ የአገራችን ስም ራሱ እዚህ የቀልድ መክፈቻ ነበር። ያኔ የመጡ ታላላቆቻችንን ጠይቋቸው፤ ቋንቋው ገና ስላልተፈታላቸው መልስ አጥተው የቀሩ አሉ። ኢትዮጵያዊውን ተማሪ ሙሉጌታ ሥራውን ደግሞ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም. ፖርትላንድ ላይ ነጭ ዘረኞች በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ለገዳዮቹ ጥቁር መሆኑ በቂ ነበር፤ እኛ በሐበሻና በጥቁር መካከል የምናሰምራትን መስመር የሚያውቃት የለም።

ባልደረባችን «እኔም ልሳቅ» ባለን ቀን፣ ከሥራ ስንወጣ ጠብቄ የራሴን ነገር አወራሁት፦ የጎጃም ሰው ዓይኑ ይበላል እንደሚባል፣ መንገደኛው ምሳውን እንደሚሸፍን፣ ሁሉንም። ዝም ብሎ ሰማኝ። በማግስቱ ገና በሩን ስከፍት ሳንድዊቹን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔም የባለ ቆሎዋን መልስ እንዳለ ሰጠሁት፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

በዚያኛው ቀን በምን እንደሳቅን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።